እናቷ የጠፋች ጫጩት

ኢንስፔክተር ኔኬሳ ስትደርስ ሳጂን ኪፕሮኖ ነገሩን ጨርሶት ነበር። አስከሬኑ ወደ ከተማ ተልኳል፣ ተጠርጣሪው ታስሯል፣ ሳጂኑም ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማንዳዚ የሚሉትን ጥብስ ዳቦ በሻይ እያጠቀሰ ይበላል። ከፊት ለፊቱ የናይቫሻ ሐይቅ በነፋስ ይናጣል፤ እሱ ግን እግሩን ዘርግቷል።

«ምነው ደከሙ ኢንስፔክተር? ጉዳዩ'ኮ አልቋል» አላት።

«እንዴት አለቀ?»

«ጀልባ ነጂው ነው የገደለው።»

«ትናንት ጉማሬ ነው ብለህ አልነበር?»

ሳጂኑ የጎረሰውን ዋጠ። «ነርሷ ንክሻ የለበትም አለች። ማጅራቱ ላይ አንድ ምት ብቻ። እንግዲህ ጉማሬ ካልሆነ ጀልባ ነጂው ነዋ!»

ኪሩሩ በምትባለው በዚያች የሐይቅ ዳር መንደር ሰው ሐይቁ ላይ ከሞተ ወይ ጉማሬ ነው ወይ ጀልባ ነጂ። ሦስተኛ ነገር ማሰብ የሳጂን ኪፕሮኖ ልማድ አልነበረም። የኔኬሳ ልማድ ደግሞ ሌላ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አላርፍ ባይ ሴት ናት፤ ወንበር ሲሰጧት ዙሪያውን ትዞረዋለች እንጂ አትቀመጥበትም። አለቆቿ በዚህ ያሟታል፤ ነገር ሲወሳሰብባቸው ግን የሚልኩት እሷን ነው።

ሟቹ ጋቶጎ ይባላል። ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነበር። ከጡረታ በኋላ የወፍ ፎቶ ማንሳት ያዘውና የሐይቁን የወፍ ፎቶ አንሺዎች ክበብ አቋቋመ። ትናንት ጠዋት «የጉማሬ ምላስ» ከሚባለው ወደ ሐይቁ ገባ ያለ መሬት ዳር፣ ደንገሉ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ።

«ከአጠገቡ ምን ነበር?» አለች ኔኬሳ፣ በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር እየተመላለሰች።

«ወፎች እንዳያዩት የሚደበቅበት ዳስ ውስጥ ካሜራው ከነመቆሚያው ነበር። የካሜራው ካርድ ግን የለም። ላፕቶፑም ነበር፤ ክፍቱን የዝናብ ልብስ ተደርቦበት፣ ባትሪው ሞቶ።»

«ስንት የሚያወጣ ካሜራ ትቶ ካርዱን ብቻ የሚወስድ ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

«ደንጋጣ ሌባ» አለ ሳጂኑ። «ደግሞ ሰውየው ቁርስ ሰዓት በሕይወት ነበር። ክበቡ በሙሉ በስልኩ አይቶታል፤ ያነሳቸውን ፎቶዎች በክበቡ የኢንተርኔት ገጽ ለቋል። በዚያ ሰዓት እዚህ ያሉት አባላት ሁሉ ኒዮካቢ እንግዳ ማረፊያ ሻይ እየጠጡ ነው። ሐይቁ ላይ የነበረው ጀልባ ነጂው ኦዊቲ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ናኩሩ ወህኒ ይወርዳል።»

ከጣቢያው በር ውጪ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ የምግብ ባልዲ ታቅፋ ቆማ ነበር። ኔኬሳ ስትወጣ መንገዱን ዘጋችባት።

«እህቴ፣ ትልቋ ፖሊስ አንቺ ነሽ?»

«ትልቅ እንኳ አይደለሁም። ማን ልበል?»

«አድሂያምቦ እባላለሁ፣ የኦዊቲ ሚስት። ባሌ ሰው አይገድልም። ዓሣ ሲያርድ እንኳ ፊቱን አዙሮ ነው።» ሴትየዋ አለቀሰች፤ እንባዋን ግን አልጠረገችም፣ ሁለት እጇም ባልዲው ላይ ነበር። «ናኩሩ የገባ ሰው መቼ ነው የሚመለሰው? ይህቺ ልጅ አባቷን በምን ታውቀዋለች?»

ኔኬሳ የሚያለቅስ ሰው ማባበል አይሆንላትም። «ምግቡን ስጪኝ፣ እኔ አስገባለታለሁ» ብላ ባልዲውን ተቀበለቻት።

ኦዊቲ እጁ ሰፋፊ፣ ድምፁ ግን ቀጭን የሆነ ሰው ነው። ምግቡን አልነካም።

«ጉማሬ ባለበት ቦታ ሰው ጥሎ መሄድ ክልክል መሆኑን አታውቅም?» አለችው።

«አውቃለሁ። አባረረኝ'ኮ! ‹የሞተርህ ድምፅ ወፎቼን ያባርርብኛል፣ ከፊቴ ጥፋ› አለኝ። ከዚያ በፊትም በሰው ፊት ሰድቦኛል። እልህ ያዘኝና ጥዬው ሄድኩ።»

«ወዴት?»

«ወደ ዓሣ ገበያው። ፀሐይ ስትወጣ ከሚስቴ ጋር ቆሜ ዓሣ ስሸጥ መንደሩ በሙሉ አይቶኛል። ከቁርስ በኋላ ልመልሰው ስሄድ ተደፍቶ አገኘሁት።»

«ሁልጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ነው?»

«የለም፣ ያን ቀን ነው የቀየረው። ‹ማታ ከምላሱ በኩል የባለቁንጮዋን ድምፅ ሰምቻለሁ፣ እዚያ ውሰደኝ› አለኝ።»

ባለቁንጮዋ ግራጫ ጉትያ ያላት ወፍ ናት። በዚያ ሐይቅ ዳር ስንት ሰው ለእሷ ሲል ጉንፋን ይዞታል፣ ስንቱ አንድም ቀን ሳያያት ዕድሜው አልፏል። ባለፈው ወር በጥሩ ሁኔታ ያነሳት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የክበቡ አባል ሙሪዩኪ።

ኒዮካቢ የእንግዳ ማረፊያዋን ኩባያዎች እያጠበች ነበር ኔኬሳ የገባችባት። የጋቶጎ ወንድም ሚስት ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ሐዘንተኛ ናት፣ ግን አፏ አላዘነም።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለቻት ኔኬሳ።

«ያልተጣላው ማን አለ! ጋቶጎ ካልተጨቃጨቀ ቀኑ አይመሽለትም። እንግዶቼን ‹ዳቦ ለወፍ አትወርውሩ› እያለ ሲቆጣብኝ ነው የኖረው። እንዲያም ሆኖ አሁን ቤቱ ጭር አለብኝ።»

«ያን ጠዋት ቁርስ ላይ እነማን ነበራችሁ?»

«እኔ፣ መምህር ኦዴራ፣ ሙሪዩኪ። ሌሎቹ አባላት ናይሮቢ ናቸው። ሻይ እየጠጣን የሁላችንም ስልክ ጮኸ፤ የጋቶጎ ገጽ ታደሰ። ሙሪዩኪ ‹ሽማግሌው ዛሬም ቀደመን!› ብሎ ሳቀ። ገጹን ያሳየንም እሱ ነው።»

«ሌላ ጊዜስ መቼ ነው የሚለቀው?»

«ሰዓት የለውማ! ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ትንሽ ያነሳና ይልካል፤ እንደገና ያነሳና ይልካል። ገና ሻይ ሳልጥድ ስልኬ ሲንጫጫ ‹ይሄ ሰውዬ ደግሞ!› እያልኩ ነው የምነሳው። ያን ቀን ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አስተኛኝ።»

ኔኬሳ መመላለሷን አቆመች። «አልቀሰቀሰሽም?»

«አልኩሽ'ኮ። ቁርስ ላይ ነው የመጣው፤ እሱም አንዴ ብቻ።»

ኔኬሳ ስልኳን አውጥታ የክበቡን ገጽ ከፈተች። የሐይቁ ኔትዎርክ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ይሄዳል፣ ቆሞ ያርፋል። ገጹ ግን ቀላል ስለሆነ ወዲያው ወጣ። ነጭ ሜዳ ላይ ትንንሽ ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ አንዷን ሲነኳት ትልቋ ትከፈታለች። የትናንቱ ፎቶዎች ሁሉ ገና ጉም ያልተነሳበት ውኃ ላይ ናቸው። ፀሐይ ወጣ ያለችበት አንድም የለም።

መምህር ኦዴራ የመንደሩ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር አስተማሪ ነው። ኔኬሳ ስታገኘው የጋቶጎን ላፕቶፕ ከሳጂኑ ተቀብሎ ባትሪውን እየሞላ ነበር።

«ይህን ፎቶ የመደርደር ነገር በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳኝ» አለችው።

«ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይገባኛል።»

ኦዴራ ፈገግ አለ። ጥቁር መስኮት ከፈተ፤ ሥዕል የለው፣ የሚነካ ነገር የለው፣ ብልጭ ድርግም የምትል አንዲት ምልክት ብቻ። «ፎቶዎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ያስገባሉ። እዚህ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋሉ። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ትልቅ ፎቶ ትንሽ ቅጂ ይሠራል፣ ገጹን ይጽፋል። ሌላ መስመር ሲጽፉለት ፎልደሩን እንዳለ ናይሮቢ ወዳለው ማሽን ይልካል። ገጹ ከዚያ በኋላ እንደ ታተመ ወረቀት ነው፤ እንደገና ካልሠሩት አይለወጥም። ለዚህ ለኛ ኔትዎርክ ከዚህ የሚሻል የለም። ትልቁን ፎቶ ‹እናት› እንለዋለን፣ ትንሿን ‹ጫጩት›።»

«የወፍ ሰዎች!»

«ምን እናድርግ? ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሲበዛ ሰነፍ አድርጌ። አንዴ የሠራውን መልሶ አይሠራም። ያረጀውንም ‹ጥረግ› ካላሉት አይጠርግም። ግን ፈጣን ነው።»

«አንተ ከጻፍከው ገጹ ግርጌ የጋቶጎ ስም ምን ይሠራል?»

ኦዴራ ዓይኑን ከመስኮቱ ነቀለ። «እሱን ነው እኔም የጠየቅኩት። ‹ክበቡ የኔ ነው› አለኝ። ተናድጄበት ነበር። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። በሞተ ሰው መናደድ እንዴት እንደሚያደክም አያውቁም።»

«ላፕቶፑ ክፍቱን ነው የተገኘው።»

«እሱ ነው ያልገባኝ። ጋቶጎ ባትሪውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው። ፎቶ ከላከ ወዲያው ይከድነዋል። ሲከደን ማሽኑ ይተኛል፣ ሥራም ያቆማል።»

«ያን ጠዋት ምን እንደተጻፈበት ይታወቃል?»

«መስኮቱ በወጉ ቢዘጋ ኖሮ ያስታውስ ነበር። ባትሪው በድንገት ስለሞተ የዚያን ጠዋት ትእዛዝ ረስቶታል።»

«ከአንተና ከሱ ሌላ ይህን ጥቁር መስኮት ማን ያውቀዋል?»

«ማንም። ሙሪዩኪን ላሳየው ብል ‹እኔ የጣት ሰው ነኝ፣ የሚነካ ነገር አምጣ› ይለኛል። ኒዮካቢ ደግሞ ሬዲዮዋንም በጥፊ ነው የምትከፍተው።»

ኔኬሳ የክፍሉ በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ጥቁሩን መስኮት የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከቀረ፣ ጣት የሚቀሰረው ወደ ኦዴራ ነው። ኦዴራም ይህን ሳይረዳው አልቀረም።

ሙሪዩኪ ከምላሱ ጀርባ፣ ከግራሩ ጫካ ወዲያ ባለው የቱሪስት ሎጅ አስጎብኚ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ሳቁ ሰፊ፣ እንግዳ ሁሉ ከሱ ጋር ፎቶ ካልተነሳሁ የሚልለት ሰው። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ያቺ ባለቁንጮ ወፍ በትልቁ ተሰቅላለች። መንታ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ፣ ቁንጮዋን አቁማ፣ ጭራዋን እንደ ማራገቢያ ዘርግታለች። መሃል ላይ አንድ ላባ ጎድሏታል። ይህች ፎቶ በውጭ አገር ውድድር አንደኛ ወጥታለች፤ በእሷ ምክንያትም ሎጁ ሙሪዩኪን የአስጎብኚዎች አለቃ ሊያደርገው ነው።

«ሽማግሌው አስተማሪዬ ነበር» አለ ሙሪዩኪ፤ ድምፁ በእውነት ተሰበረ። «ያ ኦዊቲ እጁ ይሰበር!»

«ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«አልጋዬ ውስጥ። ከዚያ በእግሬ ወደ ኒዮካቢ ቤት። ቁርሷን የሚያስቀር ሰው አለ?»

«ይሄን ጥቁር መስኮት ታውቀዋለህ?»

«እኔ? ኧረ በሕግ! ያ ነገር ሲያዩት ራሱ ያስፈራል። እሱ የነኦዴራ ነው።» ሰዓቱን አየ። «ይቅርታ፣ ሁለት ፎቶ አንሺዎች ከጀርመን መጥተዋል። ትናንት ባለቁንጮዋን ላሳያቸው ነበር፤ በሐዘኑ ምክንያት ለነገ ተላለፈ።»

«ወፏ በቀጠሮ ነው እንዴ የምትመጣው?»

ሙሪዩኪ ሳቀ። «የምትውልበትን ማወቅ ነው ጥበቡ።»

እሱ ከሄደ በኋላ ኔኬሳ እንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ቆማ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ታንኳኳ ጀመር። ከጀርባው የተቀመጠችው ቼቤት የምትባል ልጅ፣ ዝምታ የማይሆንላት ዓይነት ናት።

«ፎቶ ይወዳሉ እንዴ? የእንግዶቻችንን ያዩልኝ፣ ማታ ማታ ነው የሚወጣው» ብላ ስልኳን ዘረጋችላት። ነጭ ሜዳ፣ የተደረደሩ ትንንሽ ፎቶዎች። ከክበቡ ገጽ ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

«ማነው የሚሠራው?»

«ሙሪዩኪ ነዋ! ሽማግሌው ናቸው ያስተማሩት። ቁጭ ብሎ ቀጨቀጭ፣ ቀጨቀጭ ያደርግና ያወጣዋል። አንዴማ ጉድ አፈላብን!» ልጅቷ ግራ ቀኝ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ የተከበሩ ሰውዬ ሚስታቸው ካልሆነች ሴት ጋር ጀልባ ላይ ተነስተው ኖሯል። ‹አጥፉልኝ› አሉ። ሙሪዩኪ አጠፋው። እውነትም ገጹ ላይ የለም። ሰውየው ግን ቤታቸው ሄደው ስማችንን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ያቺ ትንሿ ፎቶ ብቻዋን የሆነ ቦታ ተቀምጣ አገኟት። ስልክ ደውለው የሰደቡኝ ስድብ! ለሙሪዩኪ ልነግረው ስል አዘንኩለት፤ ለኦዴራ ደውዬ ጠራረገልኝ፤ እሱ ገጹን የሚሠሩልን ሽማግሌው ይመስሉታል።»

የኔኬሳ ጣት ቆመ። «ለሙሪዩኪ አልነገርሽውም?»

«ሥራ በዝቶበት... ምነው? አጠፋሁ እንዴ?»

«የለም፣ የኔ እናት። ይልቅ የሙሪዩኪ ክፍል የቱ ነው?»

ከዚያ ወዲያ ኔኬሳን ያየ ሰው እሳት ልታጠፋ የምትሮጥ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ከሙሪዩኪ ክፍል ጀርባ ዞር ዞር አለች። ከዚያ በጫካው በኩል በእግሯ ምላሱ ድረስ ወርዳ፣ ከዳሱ ፊት ለፊት ያለውን ግራር ቀና ብላ ስታይ ቆየች። ከዚያ ኦዴራ ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች።

«ገጹን አልፈልግም፣ ፎልደሩን ክፈትልኝ። ጫጩቶቹ ያሉበትን» አለችው።

ኦዴራ ከፈተው። ኔኬሳ ጎንበስ ብላ ስታያቸው ቆየችና አንዷ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ኦዴራ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ለማንም አትናገር» አለችው። «ነገ ቁርስ ኒዮካቢ ቤት።»

ጠዋት ሁሉም በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ። ሳጂን ኪፕሮኖ ኦዊቲን በካቴና ይዞ መጥቷል፤ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ ናኩሩ ሊወስደው ይጠብቃል። አድሂያምቦ ልጇን አዝላ ደረጃው ላይ ቆማለች። ሙሪዩኪ የራሱን ሻይ ቀድቶ ተደላድሎ ተቀምጧል። ኔኬሳ አንድ ጨርቅ የተሸፈነ የዓሣ ቅርጫት ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠች። ኦዴራ ላፕቶፑን ከኒዮካቢ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቷል።

«ኢንስፔክተር፣ ነዳጅ እያለቀ ነው» አለ ሳጂኑ።

«አጥፋው እንግዲያ። ኦዊቲ የትም አይሄድም።» ኔኬሳ በረንዳውን መዞር ጀመረች። «ገዳዩ ካሜራውን ትቶ ካርዱን ወሰደ። ስለዚህ የፈለገው አንድ ፎቶ ነው። ፎቶው ካርዱ ላይ ብቻ ሳይሆን ላፕቶፑም ውስጥ ነበር፤ ላፕቶፑን ግን ሐይቅ ውስጥ አልጣለውም። ለምን? ሥራ ሊያሠራው ፈልጎ።»

«የምን ሥራ?» አለች ኒዮካቢ።

«ሞቶ የተኛን ሰው ቁርስ ሰዓት በሕይወት ያለ የማስመሰል ሥራ። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ጋቶጎ መታገሥ አያውቅም፤ ገና ሻይ ሳትጥጂ ይቀሰቅስሻል። ያን ቀን ግን ቁርስ ድረስ ዝም አለ። የላካቸው ፎቶዎች ደግሞ ሁሉም የጎህ ናቸው። ጎህ ላይ አንስቶ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ያልላከው ስለታገሠ ነው? ወይስ ስለሞተ?»

ወደ ኦዴራ ዞረች።

«መምህር፣ ፕሮግራምህን ‹ይህን ያህል ጠብቅና ገጹን ሥራ፣ ከዚያ ላክ› ማለት ይቻላል?»

«በአንድ መስመር» አለ ኦዴራ። «ማሽኑ ግን መከደን የለበትም።»

«ለዚህ ነው ክፍቱን የተገኘው። ጋቶጎ የተገደለው የጎህ ፎቶዎቹን እንዳነሳ፣ ፀሐይ ስትወጣ ነው። ገዳዩ ማሽኑን ጠብቅ ብሎት፣ የዝናብ ልብስ ደርቦበት፣ እዚህ መጥቶ ከእናንተ ጋር ሻይ ጠጣ። ቁርስ ሰዓት ኦዊቲ ሐይቅ ላይ ብቻውን ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ግን ዓሣ ገበያው መሃል ቆሞ መንደሩ በሙሉ ያየዋል።»

ከደረጃው በኩል አድሂያምቦ ትልቅ ትንፋሽ ለቀቀች። ሳጂኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው ኦዴራ ነዋ!» አለ ሙሪዩኪ። «ያን መስኮት ሌላ ማን ያውቀዋል?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። መምህር፣ እስኪ ከትናንት ወዲያ ፎቶዎች አንዷን እናት አጥፋና ገጹን እንደገና ሥራ።»

ኦዴራ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ አንድ ፎቶ አጠፋ፣ መስመሩን ጻፈ። ቴሌቪዥኑ ላይ ገጹ ታደሰ፤ አባ ኮዳው የለም።

«ጠፋ?»

«ከገጹ ጠፋ። ጫጩቷ ግን ፎልደሩ ውስጥ አለች። ፕሮግራሙ ሰነፍ ነው ብዬዎታለሁ፤ ‹ጥረግ› ካላሉት አይጠርግም። ሲላክም አብራ ትሄዳለች።» ከፈተው። አባ ኮዳው በትንሹ፣ ራሰ በራውን ደፍቶ ተቀምጧል።

የሙሪዩኪ ኩባያ ከከንፈሩ ሳይደርስ ቆመ።

«ፕሮግራሙን የጻፈ ሰው ይህን አይረሳም» አለች ኔኬሳ። «ጋቶጎም ሁልጊዜ ይጠርግ ነበር፤ አሮጌ ፎልደሮቹን አይተናል፣ አንድ ትርፍ ጫጩት የለባቸውም። ትእዛዙን የሚያውቅ፣ ‹ጥረግ›ን ግን የማያውቅ ሦስተኛ ሰው አለ። እናቷን ካጠፋ ሁሉም የጠፋ ይመስለዋል። የሎጁን ገጽ ከፍተን አየን። ኦዴራ ከጠረገው ወዲህ እንኳ እናት የሌላቸው ጫጩቶች ሞልተውበታል። ያን ገጽ በየማታው የሚሠራው ሙሪዩኪ ነው፤ ‹ኧረ በሕግ› ያለኝ ሙሪዩኪ። አሁን የጋቶጎን የመጨረሻ ጫጩት አሳያቸው።»

ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ደብዛዛ፣ ትንሽ ፎቶ ወጣች። ባለቁንጮዋ ወፍ መንታው ቅርንጫፍ ላይ ናት፤ አልቆመችም ግን። ክንፏን ዘርግታ፣ በአንድ እግሯ ቁልቁል ተንጠልጥላለች።

«የታሰረች ወፍ ናት» አለች ኒዮካቢ። «አስሯት ነው! በዓሣ ክር አስሯት ነው!»

«ክሩ አሁንም ግራሩ ላይ አለ። ወፏ ደግሞ» አለች ኔኬሳ፣ ቅርጫቱን አንስታ ጨርቁን ገለጥ እያደረገች፣ «ከሙሪዩኪ ክፍል ጀርባ፣ እዚህ ውስጥ ነበረች። ጭራዋን እዩት፤ መሃል ላይ አንድ ላባ የላትም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለችዋም የላትም። ለጀርመኖቹ እንድትደርስ ጎህ ሳይቀድ ወስደህ አሰርካት። ጋቶጎ ቦታ መቀየሩን አላወቅክም። ድምፅዋን ሰምቶ መጣ፣ አነሳት፣ ገጹን ሠራ፤ ሊልከው ሲል ደረስክ።»

ክበቡ ውስጥ ሌላው ኃጢአት ሁሉ ይቅር ይባላል። ሰው ቢዋሽ፣ ቢቀና፣ ቢሳደብ ማታ ሻይ ላይ ይታረቃል። ወፍ አስሮ ያነሳን ሰው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የሚለው የለም። ሙሪዩኪ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ኩባያውን በዝግታ አስቀመጠ።

«‹ፎቶህን ከግድግዳው አውርድ፣ እኔም ይህን አልልከውም› አለኝ» አለ። «ለምኜው ነበር። አለቃ ልሆን ነው አልኩት። ‹ወይ አውርድ፣ ወይ ልላከው› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። የራሴ የካሜራ መቆሚያ እጄ ላይ ነበር።» ቴሌቪዥኑን ቀና ብሎ አየው። «ገጹን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እዚሁ፣ ከእናንተ ጋር ሆኜ። አልነበረችም።»

ኒዮካቢ አልሰደበችውም። እሷ አለመሳደቧ ከሁሉ ይበልጥ ከበደው፤ ሳጂኑ ካቴናውን ከኦዊቲ እጅ ፈትቶ ሲያስርበት እጁን ራሱ ነው የሰጠው።

«እኔ'ኮ መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር» አለ ሳጂን ኪፕሮኖ ሲያልፍ።

«ጉማሬውን ነው?» አለች ኔኬሳ።

መኪናው ሙሪዩኪን ይዞ ሄደ። ኒዮካቢ ቅርጫቱን አጥሩ ጋ ወስዳ ከፈተችው፤ ወፏ ለአፍታ ግራ ገብቷት ቆይታ ወደ ግራሮቹ በረረች። አድሂያምቦ ባሏን አንድ እጁን ይዛ አልለቅም ብላለች። ኦዊቲ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ቀርቷል። ከተንጠለጠለችው ወፍ ጀርባ፣ ከጉሙ መሃል፣ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቢጫ ነጥብ አለች።

«ጀልባዬ ናት» አለ።

አድሂያምቦ ተጠግታ አየች። «የታለህ አንተ?»

«ከኋላዋ፤ ሞተሩ ጋ። እየሄድኩ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼው።» ነጥቧን በጣቱ ነካት። «አንዴ ዞር ብል ሙሪዩኪን ከጫካው ሲወጣ አየው ነበር። እልህ ይዞኝ አልዞርኩም።»

ኔኬሳ አንድ ወንበር ስባ ከአጠገቡ ተቀመጠች።

ኦዴራ ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር እጁ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። «ፖሊስ ቅጂዋን ወስዷል» አለ። «እኛ ፎልደር ውስጥ ያለችው ግን እናት የላትም፤ አሁን ልጥረጋት?»

«ተዋት» አለ ኦዊቲ። «ጋቶጎ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኝ እንደዚያ ነው።»

ከዚያ ልጁን ከሚስቱ ጀርባ ተቀብሎ ወደ ሐይቁ ወረደ።